የስኳር በሽታ ስላለበት ሰውና ልጓም ስላጣ አበላል

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በግብዣ ቤት ተቀምጦ የሚያደርገው ለሁሉ የታወቀ ነው። ጠጁ ሊቀዳለት ሲቀርብ እጁን በብርሌው አፍ ላይ ይጋርዳል፤ ማር ሲቀርብለት «ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ ይመልሳል፤ ባለቤቲቱ «በሞቴ» እያለች ጉርሻ ስታነሣለት ከአንዱ በላይ አይቀበልም። ሽማግሌዎቹም ይህን አይተው «ራሱን የገዛ ሰው እንዲህ ነው» እያሉ ለልጆቻቸው ያመለክቱታል። ነገር ግን እንዲህ ከሚመሰገኑት ሰዎች አንዳንዱ፤ እንግዳው ሁሉ ተሰናብቶ ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ፤ ኩራዝ ሳያበራ ወደ ጓዳ ይገባል። በመሶብ የተረፈውን እንጀራ በቁሙ ይበላል፤ ከዚያ ወደ ዳቦው ያልፋል፤ ከዚያ ለልጆች ወደ ተቀመጠው ጭኮ፤ በመጨረሻም ስኳሩን በእጁ እየዘገነ ይቅማል። ሆዱ ተወጥሮ እያመመው እንኳ አያቆምም። ሲያበቃ ፍርፋሪውን ጠርጎ መሶቡን እንደ ነበረ ገጥሞ ይተኛል፤ በማግሥቱም ስለ ሌሊቱ ነገር ለማንም ቃል አይተነፍስም።

በቤቱ ያሉት ነገሩን የደረሱበት እንደ ሆነ፤ አንዱ ሆዳም ነው ይላል፤ ሌላው ሐኪሙን ንቆ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም አንዳች ነገር ለክፎት ነው ይላል። ሦስቱም ስተዋል። ይህ አበላል ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ የሚታወቅበት ምልክት አለው፤ የሚያስነሣው ነገር ተመርምሮ ታውቋል፤ ሕክምናም አለው። በዚህ ንግግር ልጓም ያጣ አበላል ተብሎ ይጠራል። የሚነገረውም በተለይ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የሆነበት ምክንያት፤ በመንደር ውስጥ ሕመምተኛውን የሚገሥጹት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። ሕመሙ ደግሞ በተግሣጽ የሚበረታ እንጂ የሚድን አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ስኳር በሽታ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። የተበላው እህል በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ብዙው ክፍል ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዘዋወራል። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት የሚባለው ብልት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር እያመነጨ፤ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሁሉ እንዲገባ ያደርጋል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ይተዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ኢንሱሊን በመርፌ ካልወሰደ አይኖርም። በሁለተኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት በሚገባ አይጠቀምበትም፤ እያደርም ይጎድላል። በሁለቱም ዘንድ የምግብ ነገር የሕክምናው አንድ ክፍል ስለ ሆነ፤ ሕመምተኛው ከታመመበት ቀን ጀምሮ ስለሚበላው ነገር ሳያስብ የሚውልበት ቀን የለውም። ልጓም ያጣ አበላል ከሌላው ሰው ይልቅ በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክልከላ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን፤ ፍሬድሪክ አለን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ሆስፒታል የስኳር ሕመምተኞችን በጽኑ ጾም ያክም ነበር። ሌላ መድኃኒት ስላልነበረ ጾሙ ለብዙዎች ጥቂት ወራት፤ ለአንዳንዶችም ዓመታት ጨምሮላቸዋል። ከእነዚያ ሕመምተኞች መካከል በበሽታው ዓይኑ የጠፋ አንድ ልጅ ነበረ። ምግቡ ተመዝኖ፤ ክፍሉ ተጠብቆ፤ የሚጠይቁት ሰዎች ተመርምረው ሳለ፤ በሽንቱ ውስጥ ስኳር ይገኝ ጀመር። ከየት እንደ መጣ ያወቀ አልነበረም። ልጁም ብዙ ጊዜ ከካደ በኋላ እውነቱን ተናገረ፤ ይበላ የነበረው የጥርስ ሳሙናና፤ ለመጫወቻ ይሁነኝ ብሎ ለለመናት ትንሽ ወፍ በጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠውን ጥሬ ነበረ።

ይህን ልጅ ሆዳም የሚለው ማን ነው? የጥርስ ሳሙና የሚጥም ነገር አይደለም። ሥጋው በረኃብ ተጨንቆ ነበርና ፈቃዱ አልታዘዝ አለው፤ ከዚያም በላይ ማታለልን ተማረ። በ1921 ዓመት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ካገኙ በኋላ፤ በ1922 ዓመት በጥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ የአለንም ጾም ከዚያ ወዲህ ቀረ። ዳሩ ግን የጾሙ መንፈስ በብዙ ቤት እስከ ዛሬ አልቀረም። የስኳር ሕመምተኛ ማለት የማይበላ ሰው ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ቤተ ሰብ ዛሬም አለ።

ሁለተኛውም ማስረጃ ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ የተፈተኑት ሰዎች ሕመምተኞች አልነበሩምና። በ1944 እና በ1945 ዓመት አንሰል ኪስ የተባለ ሊቅ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፤ በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ጤነኛ ጐልማሶችን ለ24 ሳምንታት ያህል ምግባቸውን አሳንሶ ይመረምራቸው ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ። ቀድሞ ስለ ምግብ ግድ ያልነበራቸው ሰዎች ወሬያቸውና ሕልማቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እያነበቡ የሚውሉ ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ተደብቀው በልተው ከፈተናው የወጡ አሉ። ምግብ እንደ ልብ በተፈቀደላቸው ጊዜ ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪያማቸው እየበሉ ገና ርቦናል ይሉ ነበር። ፈቃዳቸው ጠንካራ የነበረ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፤ ለዓመታት «ይህን አትንካ፤ ያንን አትቅመስ» ሲባል የኖረ ሕመምተኛ ሌሊት ጓዳ ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም።

ልጓም ያጣውን አበላል በ1959 ዓመት አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በጽሑፍ ገለጠው፤ በ2013 ዓመትም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ራሱን እንደ ቻለ ሕመም አስገባው።

እንግዲህ በምን ይታወቃል? ብዙ መብላት ብቻውን ምልክት አይደለም። ለፋሲካ ሁለት ወር ያህል ጾሞ የፈሰከ ሰው ብዙ ይበላል፤ ሲያርስ የዋለ ገበሬም ለሁለት ሰው የሚበቃ እንጀራ ያነሣል፤ እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ በገበታ ላይ ከሰው ጋር ሆነው ተደስተው ይበላሉ፤ ሲጠግቡም እጃቸውን ይታጠባሉ። የሕመሙ ዋና ምልክት ማቆም አለመቻል ነው። ሰውዬው በሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ ሊበላው ከሚችለው እጅግ የበዛ ይበላል፤ በሚበላበትም ጊዜ እጁ የራሱ እንዳልሆነ ያህል ይሰማዋል። ይቸኩላል፤ ሳያላምጥ ይውጣል። ሳይርበው ይጀምራል፤ ሆዱ እስኪያመው ይቀጥላል። ስለሚያፍር ብቻውን ይበላል። ሲጨርስም ራሱን ይጸየፋል፤ ያዝናል። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ለሦስት ወር የደረሰበት ሰው ሕመሙ እንዳለበት ሐኪሞች ይቈጥራሉ። ክብደቱ ግን ምልክት ሆኖ አይበቃም፤ ወፍራም ሰው ሁሉ ይህ ሕመም የለበትም፤ ቀጭንም ሆኖ ያለበት ሰው አለ።

በቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት ከዚህ ይለያል፤ ሕመምተኛው ሌሊቱን አይናገርምና። እህል ሳይታወቅ ይጐድላል፤ የስኳር መያዣው ቶሎ ያልቃል። ሕመምተኛው በሰው ፊት ከወትሮው ያነሰ ይበላል፤ ቁርስም ይተዋል። ጧት የደሙ ስኳር ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ «ማታ ምን በላህ?» ሲባል የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህን የሚያይ ሰው ዋሸኝ ብሎ ከመቈጣቱ በፊት፤ የወፏን ጥሬ የበላውን ልጅ ያስታውስ።

በስኳር ሕመምተኛ ላይ የሚመጣው ረኃብ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህንን ለይቶ አለማወቅ ሰው ይገድላል።

አንደኛው የስኳር ማነስ ረኃብ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው፤ ወይም ግሊቤንክላሚድን የመሰለ ቆሽትን የሚገፋፋ ኪኒን የሚውጥ ሰው፤ መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ያዘገየ እንደ ሆነ፤ ወይም ከወትሮው ይልቅ የደከመ እንደ ሆነ፤ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። መለኪያ ባለበት ቦታ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ማነስ ይባላል። ላብ ያጠምቀዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ይቈጣል ወይም ግራ ይጋባል፤ እጅግም ይርበዋል። ይህ ረኃብ የሥጋ ጩኸት ስለ ሆነ ያለ መዘግየት ሊመለስለት ይገባል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ አሥራ አምስት ደቂቃም ይታገሥ፤ ምልክቱ ያልለቀቀው እንደ ሆነ ይድገም፤ ከተሻለው በኋላ የሚቀጥለው ገበታ ሩቅ ከሆነ ጥቂት ምግብ ይብላ። አስቸጋሪው ያንን አሥራ አምስት ደቂቃ መታገሥ ነው። ስኳሩ ደም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፍርሃቱና ረኃቡ አይለቅም፤ ሰውዬውም በእጁ የገባውን ሁሉ ይውጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከልክ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የተለካው ስኳር በትንሽ ብልቃጥ ተደርጎ በአልጋው አጠገብና በኪሱ ቢቀመጥለት፤ ወደ ጓዳ መሄድ አያስፈልገውም። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ያንቀዋልና፤ በጐኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

ሁለተኛው የስኳር መብዛት ረኃብ ነው። ስኳሩ በደም ሞልቶ ሳለ ወደ ሰውነት ሊገባ ስላልቻለ፤ ሰውዬው እየበላ ይርበዋል። ይህኛው በውኃ ጥምና በሽንት መብዛት ይታወቃል፤ ሰውዬውም እየበላ ይከሳል። መፍትሔው በሐኪም እጅ ያለ የመድኃኒት ማስተካከል ነው።

ሦስተኛው ይህ ንግግር የተነገረለት ነው። ላብም ጥምም አያስከትልም። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከዋለ በኋላ፤ ወይም ከጠብ፤ ከሐዘን፤ ከብቸኝነት በኋላ ይነሣል፤ በጥጋብም አይቆምም። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊፈራረቁ ስለሚችሉ፤ መለኪያ ያለው ሰው ከመብላቱ በፊት ቢለካ ይለይለታል።

የሦስቱ መደበላለቅ የሚያመጣው አደጋ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንዲት እናት ማታ ማታ ኢንሱሊን የምትወስድ ብትሆን፤ ሌሊት ደግሞ ተደብቃ ብትበላ፤ ጧት ሲለካ ስኳሯ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙ ስለ ሌሊቱ ያልተነገረው ስለ ሆነ መድኃኒቱ አንሷት ነው ብሎ የማታውን ኢንሱሊን ይጨምራል። እርሷም ከጭማሪው ጋር የምትበላ እስከ ሆነ ድረስ ነገሩ የተመጣጠነ ይመስላል። አንድ ቀን ግን እኅቷ ልትጠይቃት መጥታ አብራት ታድራለች፤ ያን ሌሊት ወደ ጓዳ አልገባችም። ኢንሱሊኑ ለምግብ የተለካ ሆኖ ሳለ ምግቡ የለም። ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ላብ አጥምቋት፤ እየተንቀጠቀጠች ትነቃለች፤ ወይም አትነቃም። ራሷን የገዛችበት ሌሊት የሚገድላት ሌሊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኀፍረት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል፤ በሐኪሙና በእርሷ መካከል የነበረው መጋረጃ ያው ኀፍረት ብቻ ነበርና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ኀፍረቱን ማንሣት ነው፤ ይህም መምህርና ሽማግሌ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው። ጓዳውን መቈለፍ፤ እንጀራውን መቍጠር፤ በዘመድ ጉባኤ መካከል መገሠጽ፤ በልጆቹ ፊት «ራስህን ልትገድል ነውን?» ማለት፤ እነዚህ ሁሉ በበጎ አሳብ ይደረጋሉ፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ወደ ባሰ መደበቅ ይነዱታል። ጓዳ ሲቈለፍበት በጐረቤት ሱቅ ይገዛል። (በቁልፉ ምክንያት የሚነሣው ጠብም ራሱ አንድ ሌሊት ያበላዋል።) አዘውትሮ ማመስገንም ይጎዳል፤ በግብዣ ላይ ራሱን የገዛ እየተባለ የሚመሰገን ሰው፤ ያ ምስጋና እንዳይወሰድበት ሌሊቱን አጥብቆ ይሰውረዋል።

አጠያየቁ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፤ ሥራ እየሠሩ ወይም መንገድ እየሄዱ፤ ነገሩ የብዙ ሰው መሆኑ አስቀድሞ ይነገር። ሽማግሌው ለታናሹ፤ «ልጄ፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች መብላት ከጀመሩ በኋላ ማቆም የሚያቅታቸው ጊዜ አለ ይባላል፤ ሕመም ነው እንጂ ነውር አይደለም አሉ፤ በአንተስ ደርሶ ያውቃልን?» ቢለው መልካም ነው። ታናሹም መምህር ለትልቅ ሴት፤ «እማማ፤ ሌሊት እህል አላስተኛ የሚልዎ ጊዜ አለን?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ ይበቃል። መልሱ «የለም» ከሆነ አይጫን፤ በሩ እንደ ተከፈተ ትቶት ይሂድ። መልሱ «አለ» የሆነ እንደ ሆነም ምክር አይቸኩልበት፤ «ከመቼ ወዲህ?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። ብዙ ሰው ያንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ያለቅሳል። ከሐዘኑ ብዛት ሕይወቱን እስከ መጥላት የደረሰ መሆኑን በንግግሩ ያሳየ እንደ ሆነ ግን፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ ብቻውን አይተው።

ቀጥሎ ያለው ሕክምና ለብዙዎች የተገላቢጦሽ ይመስላቸዋል፤ ይኸውም አብዝቶ የሚበላውን ሰው በየጊዜው እንዲበላ ማድረግ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ እንዳይቆይ ቀኑ ይከፈላል፤ ጧት በአንድ ሰዓት ቁርስ፤ በአራት ሰዓት ጥቂት ነገር፤ በሰባት ሰዓት ምሳ፤ በአሥር ሰዓት እንደገና ጥቂት ነገር፤ ማታ በአንድ ሰዓት እራት። ጥቂት ነገር የተባለው አንድ እፍኝ የሽምብራ ቈሎ ወይም የሚመስለው ነው። በገበታውም እንጀራው አነስ፤ የምስሩ፤ የባቄላውና የጎመኑ ወጥ በዛ ይበል፤ ስኳሩ በዝግታ ወደ ደም ይገባልና። ሌሊት የበላ ሰው በማግሥቱ ለመካስ ብሎ ቁርሱን መተው የለበትም፤ የተዘለለው ቁርስ የሚቀጥለውን ሌሊት ያዘጋጃልና። ለሕመምተኛውም ለቤተ ሰቡም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

«ፈጽሞ» የሚለውም ቃል ሊቀነስ ይገባል። ማርን ፈጽሞ አልቀምስም ብሎ የማለ ሰው በአንድ ሰርግ ላይ አንድ ማንኪያ የቀመሰ እንደ ሆነ፤ «ከፈሰሰ አይታፈስም» ብሎ የቀረውን ሁሉ ይበላል። ጥቂቱን በልኩ፤ በገበታ ላይ፤ ከምግብ ጋር፤ ሐኪሙ በሚያውቀው መጠን እንዲቀምስ የተፈቀደለት ሰው ግን የሚሰብረው መሐላ የለውም። ከዚህ ላይ አንዳንድ ሽማግሌ ልቅነት ነው ብሎ ይቃወም ይሆናል፤ ነገር ግን ልቅነቱ ያለው በሌሊቱ መብላት ነው፤ በቀን በልክ የተቀመሰው አንድ ማንኪያ ያንን ሌሊት የሚያስቀር ነው።

ስለ ጾምም ይጠየቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ሆነ በእስልምና ሕግ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ኢንሱሊን የሚወስድና ልጓም ያጣ አበላል ያለበት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መግቢያ ጾሞ ሲያፈርስ፤ ጾሙ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል፤ መድኃኒቱም ስኳሩን ያወርድበታል። ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ወይም ሼኩን ይጠይቅ፤ ሽማግሌዎችም ባለመጾሙ አይሙት።

ሦስተኛው የሕክምና መሣሪያ ደብተር ነው። ሕመምተኛው የበላበትን ሰዓት፤ የበላውን ነገር፤ ብቻውን ወይም ከሰው ጋር መሆኑን፤ ከመብላቱ በፊት የተሰማውን ነገርና፤ መለኪያ ካለው የደሙን ስኳር ይጽፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጾቹ ሲገለጡ መንገዱ ይታያል። አንዱ ምሳ በዘለለ ቀን ሁሉ ሌሊት እንደሚበላ ያገኛል፤ ሌላዋ ከምራቷ ጋር በተጣላች ማታ፤ ሌላው ደግሞ ገበያ ውሎ በመጣ ቀን። መነሻው ከታወቀ ሌላ ነገር ሊተካ ይቻላል። ፍላጎቱ ሲነሣ እንደማይለቅ ይመስላል እንጂ ተነሥቶ ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ወደ ጐረቤት መሄድ፤ ፈትል መፍተል፤ መጸለይ፤ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቡና መጠጣት ጊዜውን ያሳልፋል። ምግቡም ከጓዳ በቁም ሳይሆን በገበታ ተቀምጦ እንዲበላ ይሁን።

ይህ በሐኪሞች ዘንድ አሳብንና ልማድን የሚያርም የንግግር ሕክምና ተብሎ ከሚታወቀው ውስጥ የተወሰደ ነው። በ2017 ዓመት የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፤ ለዚህ ሕመም በመጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው በጽሑፍ የተዘጋጀና በሌላ ሰው ረዳትነት የሚፈጸም ራስን የማከም ትምህርት እንደ ሆነ ወስኖአል፤ በአራት ሳምንት ውስጥ ያልበጀ እንደ ሆነ በማኅበር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ይከተላል። የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ሕመምተኛ ደብተር የሚይዝለት መምህር፤ ምሥጢር ጠባቂ ከሆነ፤ ከሕክምናው አንዱን ክፍል እየፈጸመ ነው።

የመድኃኒቱ ነገር የሐኪም ብቻ ነው። ነገሩን ሲሰማ የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት እንደ ገና ያያል፤ ስኳር እያወረደ የሚያስርበውን ኪኒን ሊለውጥ ይችላል፤ ለምሳሌ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም። ለአበላሉም ሕመም ሊስዴክስአምፌታሚን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ አገር በ2015 ዓመት ተፈቅዶአል፤ ዳሩ ግን የልብን ምትና የደምን ግፊት ስለሚጨምር፤ ሱስም ሊያስይዝ ስለሚችል፤ ከገበያ ተገዝቶ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ ኢንሱሊን መቀነስም መተውም የለበትም።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር ቀርቶአል። የአንደኛው ዓይነት በሽታ ያለባት ተማሪ፤ ኢንሱሊን እንደሚያወፍራት ሰምታ፤ ወይም ከበላች በኋላ ተጸጽታ፤ መርፌውን ሆን ብላ ልትተው ትችላለች። ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፤ ከክፍል ደጋግማ የምትወጣ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የከሳች እንደ ሆነ ይህ ይጠርጠር። ካስመለሳት፤ በኃይል መተንፈስ ከጀመረች፤ ትንፋሿም የበሰበሰ ፍሬ የሚሸት ከሆነ፤ ወደ ቤቷ አትላክ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ከበላ በኋላ ጣቱን ከቶ የሚያስመልስ፤ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚጠጣ ሰውም ሌላ ዓይነት የአበላል ሕመም አለበትና ሐኪም ይየው።

መዳኑ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ሦስት ሳምንት ደኅና ሰንብቶ በአንድ ሌሊት የተመለሰበት ሰው ብዙ ነው፤ ያ ሌሊት በደብተሩ ላይ እንደ ሌላው ቀን ይጻፍ እንጂ አይፋቅ። ክብደቱም ወዲያው ይቀንሳል ተብሎ አይጠበቅ፤ መጀመሪያ የሚታየው ለውጥ የሌሊቶቹ ማነስና የጧቱ ስኳር ከቀን ወደ ቀን መለዋወጡን መቀነሱ ነው። ደብተሩ የሕመምተኛው ነው፤ መምህሩ ቢጽፍለትም በመምህሩ ቤት አይደር። ወደ ሐኪም ቤት በሚሄድበት ቀን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ከረጢት ይዞት ይሂድ፤ በሐኪሙ ፊት ኀፍረት ቃሉን የያዘበት እንደ ሆነም፤ ገጹን ገልጦ ቢሰጥ ይበቃል።